የደካማዋ ጎማ መላ፦ አንድ መሐንዲስ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ የመንግሥትን የምርምር ገንዘብ መንገድ እንዴት ቀየረው?

አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምርምር የሚሠራ ዘመድ ወይም ጓደኛ ያለው ሰው «ግራንት» (ለምርምር የሚሰጥ ገንዘብ) የምትለዋን ቃል ሳይሰማ አይቀርም። «ቅዳሜና እሑድን ግራንት ስጽፍ ነው ያሳለፍኩት»፣ «ግራንቱ አልሆነም»፣ «ዩኒቨርሲቲው ኦቨርሄድ ብሎ የራሱን ወሰደ»። ከውጭ ለሚሰማ ሰው ነገሩ ግራ ያጋባል። ገንዘቡ የመንግሥት ነው፤ ተመራማሪው ግን የመንግሥት ሠራተኛ አይደለም። ቤተ ሙከራው የዩኒቨርሲቲው ነው። ምን እንደሚጠና የሚያስበው ተመራማሪው ራሱ ነው። ከፋዩ ዋሽንግተን ተቀምጧል። ታዲያ አዛዡ ማን ነው?

ይህ አሠራር ብዙዎች እንደሚገምቱት ጥንታዊ አይደለም። ከ1940 በፊት (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ከእርሻ ምርምር በስተቀር ለዩኒቨርሲቲዎች ይህ ነው የሚባል የምርምር ገንዘብ አይሰጥም ነበር። ምርምር ሲያስፈልገው የራሱን ቤተ ሙከራ ከፍቶ የራሱን ሰው ይቀጥራል። የግል ዩኒቨርሲቲዎቹም ከተማሪ ክፍያና ከባለጸጎች ስጦታ በሚያገኙት ይኖራሉ፤ ብዙዎቹ ፕሮፌሰሮች የመንግሥት ገንዘብ እጅ ይጠመዝዛል ብለው ይፈሩ ነበር። ሁለቱን ከማንም በላይ ያገናኘው ቫኒቫር ቡሽ የሚባል የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነው። (ከሁለቱ ቡሽ ፕሬዚዳንቶች ጋር ዝምድና የለውም።) ወደ አስተዳደር የገባው ከሽቦና ከብረት ዘንግ መካከል ተነሥቶ ስለሆነ፣ የገንዘቡን መንገድ ለመረዳት መጀመሪያ ማሽኑን ማየት ይቀላል።

ቤተ ሙከራው

ቡሽ በ1890 ማሳቹሴትስ ውስጥ ኤቨረት በምትባል ከተማ ተወለደ፤ አባቱ ፓስተር ነበር። ተፍትስ ኮሌጅ ሲማር የመሬት አቀማመጥ የሚስል መሣሪያ ሠርቶ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አወጣበት። መሣሪያው በብስክሌት ጎማዎች መካከል የተንጠለጠለ ሳጥን ነው። ሰው እየገፋው ሲሄድ ውስጡ ያለው ብዕር ዳገቱንና ቁልቁለቱን ወረቀት ላይ ያሰፍራል። ጥሩ መሣሪያ ነበር፤ የሚገዛው ግን ጠፋ። በ1916 ኤምአይቲ (የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም) እና ሃርቫርድ በጋራ የሚሰጡትን የዶክትሬት ዲግሪ ያዘ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የደረሰበት ነገር የኋላ ሕይወቱን ሁሉ ያብራራል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦችን በማግኔት መስክ አማካይነት የሚያገኝ መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው በእንጨት መርከብ ላይ ሲጫን ይሠራል፤ በብረት መርከብ ላይ ሲጫን ግን የመርከቡ የራሱ ብረት ያሳስተዋል። ባሕር ኃይሉ በብረት መርከብ ላይ ካልሆነ አለ። መሣሪያው ተመረተ፣ ተጫነ፣ አንድም ሰርጓጅ መርከብ ሳይገኝበት ጦርነቱ አለቀ። ሠሪው ስለ ጦር ሜዳው አያውቅም፣ አዛዡ ስለ መሣሪያው አያውቅም፣ ሁለቱ ቁጭ ብለው የሚነጋገሩበት ወንበር ደግሞ የለም። ቡሽ ይህን ቁጭት ለሃያ ዓመታት ይዞት ኖረ።

በ1919 ኤምአይቲ ማስተማር ጀመረ። በ1922 ከሁለት ባልደረቦች ጋር ያቋቋመው ትንሽ ኩባንያ በኋላ ሬይቲዮን ተብሎ የታወቀው ነው፤ በባትሪ ይሠራ የነበረውን ሬዲዮ ከቤት መብራት ጋር ያገናኘች ቱቦ አምርቶ አተረፈ። እዚህ ብዙ አልቆይም። ስሙን ያስጠራው በ1931 የተጠናቀቀው ዲፈረንሻል አናላይዘር ነው።

ነገሩ የተነሣው ከኤሌክትሪክ መሥመር ነው። በረዥም መሥመር ላይ ድንገት ብልሽት ሲፈጠር ኃይሉ በየቅጽበቱ እንዴት እንደሚዋዥቅ ለማወቅ የሚሠራው ሒሳብ በእጅ ሲሆን ወራት ይፈጃል። ቡሽና ተማሪዎቹ ሒሳቡን በወረቀት ከመሥራት ይልቅ በሚሽከረከር ብረት እናሠራው አሉ።

አሠራሩን ለመረዳት አንድ የሚሽከረከር ምጣድ አስቡ። በምጣዱ ላይ ትንሽ ጎማ በጠርዟ አቁሙባት። ጎማዋ ወደ ምጣዱ መሐል ስትጠጋ ቀስ ብላ ትዞራለች፤ ወደ ዳር ስትወጣ ትፈጥናለች። እንግዲህ ጎማዋን እንደ ሒሳቡ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ብታንቀሳቅሷት፣ በመጨረሻ የዞረችው ዙር ብዛት የዚያ ሁሉ ለውጥ ድምር ይሆናል። የካልኩለስ ተማሪዎች «ኢንተግሬሽን» የሚሉት ይህንኑ ነው። የቡሽ ማሽን እንዲህ ያሉ ስድስት ምጣዶች ነበሩት፤ በረዣዥም ዘንጎች ተያይዘው አንድ ክፍል ይሞላሉ።

ችግሩ ጎማዋ ላይ ነበር። ጎማዋ ምጣዱን የምትነካው በጣም ላላ ብላ ነው። ዘንግና ጥርስ እንድታንቀሳቅስ ከተገደደች ትንሸራተታለች፤ ከተንሸራተተች መልሱ ሐሰት ይሆናል። በሌላ አነጋገር ትክክለኛዋ መረጃ የምትገኘው ከደካማዋ ክፍል ነው፤ ሸክም ከጫናችሁባት ደግሞ ትዋሻለች።

መፍትሔው ቤቴልሄም ስቲል በተባለ ኩባንያ ይሠራ ከነበረ ኒማን ከሚባል መሐንዲስ መጣ። ሳያቋርጥ የሚሽከረከር ከበሮ ላይ ገመድ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠምጥሙና አንዱን ጫፍ በጣት ሳብ አድርጉት፤ ሌላው ጫፍ በከበሮው ጉልበት ከባድ ሸክም ይጎትታል። ጣታችሁ የሚወስነው መቼና ወዴት እንደሚሳብ ብቻ ነው። ጉልበቱ የሞተሩ ነው። በዚህ መላ ደካማዋ ጎማ ሳትጨነቅ አቅጣጫ ሰጠች፤ ሞተሩ ደግሞ ሳያዛባት ኃይል ሰጠ። ይህችን ምሳሌ ያዙልኝ፤ ቡሽ ዋሽንግተን ላይ የሠራውን ለመረዳት እኔ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። እሱ ራሱ ንጽጽሩን አድርጎታል እያልኩ አይደለም።

ከቤተ ሙከራ ወደ ወንበር

በ1932 የኤምአይቲ ምክትል ፕሬዚዳንትና የምህንድስና ዲን ሆነ። ከዚህ በኋላ ማሽኑ አጠገብ የሚውሉት ሌሎች ናቸው። በ1936 ማሽኑን እንዲንከባከብ ከተቀጠሩት ወጣቶች አንዱ ክሎድ ሻነን ነበር፤ ከማሽኑ ማብሪያ ማጥፊያዎች የተነሣው የማስተርስ ጥናቱ ለዲጂታል ኮምፒውተር መሠረት ሆነ። ቡሽ ግን በዚያን ጊዜ በጀት ያያል፣ ሰው ይመርጣል፣ ስብሰባ ይመራል።

በ1939 መጀመሪያ የዋሽንግተኑን ካርኒጊ ተቋም ሊመራ ወደ ዋና ከተማዋ ተዛወረ። በዚያው ዓመት ናካ ተብሎ የሚጠራውን የአቪዬሽን ምርምር ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት ያዘ። የዛሬው ናሳ አባት የሆነው ይህ ኮሚቴ በ1915 የተቋቋመ ሲሆን፣ ሲቪል ሳይንቲስቶችና የጦር መኮንኖች በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡበት ነበር። ያ በመጀመሪያው ጦርነት የጠፋው ወንበር እዚህ አለ ማለት ነው። ቡሽ የወሰደው ይህን ሞዴል ነው፤ ከባዶ የፈጠረው አይደለም።

ሰኔ 12 ቀን 1940 ዋይት ሀውስ ገባ። ከሁለት ቀን በኋላ የጀርመን ጦር ፓሪስ ይገባል። ይዞት የሄደው አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ጦር መሣሪያ ነክ ምርምርን የሚያስተባብር ኮሚቴ ይቋቋም የሚል። መንገዱን የጠረገለት የፕሬዚዳንቱ የቅርብ ሰው ሃሪ ሆፕኪንስ ነበር። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ «ኦኬ» ብሎ ፈረመበት።

ይህን ታሪክ የሚነግሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ በፍጥነቱ ይደነቃሉ። እኔን የሚገርመኝ የገጹ ብዛት ነው። ቢሮ ያየ ሰው ያውቃል፤ ሃምሳ ገጽ ጥናት ሲንከባለል ይኖራል፣ አንድ ገጽ ግን ይፈረማል። ለአንድ ገጽ የበቃው ግን ለሃያ ዓመታት ስላብላላው ነው። ቡሽ በስተርጅናው እንዲህ ያለው ሥራ ጥቂት ሳይንቲስቶችና መሐንዲሶች ከተለመደው መንገድ ውጪ ዞረው ሥልጣንና ገንዘብ የያዙበት ነው ለሚሉት ሰዎች፣ አዎ ልክ እንደዚያ ነበር ብሎ አምኗል።

ኮሚቴው ወዲያው የሃርቫርዱን ፕሬዚዳንት ጄምስ ኮናንትን፣ የኤምአይቲውን ፕሬዚዳንት ካርል ኮምፕተንንና የቤል ቤተ ሙከራዎቹን ፍራንክ ጁወትን ይዞ ሥራ ጀመረ። በዓመቱ፣ ሰኔ 28 ቀን 1941፣ በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ የሳይንሳዊ ምርምርና ልማት ቢሮ ተቋቋመ፤ ቡሽ ዳይሬክተር ሆነ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ኮሚቴው የሚኖረው ከፕሬዚዳንቱ የአስቸኳይ ጊዜ ገንዘብ ነበር፤ ቢሮው በጀቱን ከኮንግረስ ያገኛል። ኮሚቴው ምርምር ላይ ይቆም ነበር፤ ቢሮው የተገኘውን ነገር እስከ መሣሪያነት ድረስ ይገፋል፤ ሕክምናም ተጨመረበት። ዳይሬክተሩ ተጠሪነቱ በቀጥታ ለፕሬዚዳንቱ ነው፤ በመካከል ጄኔራል የለም።

ውሉ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። መንግሥት ዕቃ ሲገዛ ምን ያደርጋል? ጨረታ ያወጣል፣ የዕቃውን ዓይነትና መጠን ይዘረዝራል፣ አነስተኛ ዋጋ ያቀረበውን ይመርጣል፣ ዕቃው ሲደርስ ቆጥሮ ይረከባል። ለወንበርና ለጫማ ይህ ይሠራል። ለምርምር አይሠራም፤ ገና ያልታወቀን ነገር በዝርዝር መግለጽ አይቻልማ። «ሠላሳ ግኝት፣ ጥራቱ አንደኛ ደረጃ» ተብሎ ጨረታ አይወጣም።

ሌላው አማራጭ በመጀመሪያው ጦርነት የተሞከረው ነው፤ ሳይንቲስቶቹን መለዮ ማልበስ። ያኔ ፕሮፌሰሩ ሻለቃ ይሆንና ከኮሎኔሉ ጋር መከራከር አይችልም። ሸክም ተጫነባት፣ ጎማዋ ተንሸራተተች።

ቡሽና የሕግ ሰዎቹ የመረጡት ሦስተኛ መንገድ የምርምር ውል ነው። ፕሮፌሰሩ ከዩኒቨርሲቲው አይነሣም፤ ውሉን የሚፈርመው ተቋሙ ነው። ውሉ ችግሩን ይጠቅሳል፣ የአሠራሩን ዝርዝር ግን ለተመራማሪው ይተዋል። ርክክቡ ዕቃ ሳይሆን ሪፖርት ነው፤ «ሞከርን፣ አይሆንም» የሚል ሪፖርትም ሥራ ነው፣ ይከፈልበታል። ዩኒቨርሲቲው አያተርፍም፣ አይከስርም።

አለመክሰር የሚለው ነው ኦቨርሄድን የወለደው። ፕሮፌሰሩ ራዳር ሲያጠና መብራት ይበራል፣ ዘበኛ ይጠብቃል፣ የሒሳብ ሹም ደመወዝ ይሠራል፣ ጣሪያ ያፈሳል። የእነዚህን ወጪ ከአንድ ምርምር ጋር ነጥሎ ማስላት ስለማይቻል፣ በቀጥታ ወጪው ላይ የተወሰነ በመቶ ይታከልበታል። ዛሬም የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችና ዋሽንግተን የሚጨቃጨቁባት በመቶኛ ይህችው ናት። ተመራማሪው «ወሰዱብኝ» የሚላት፣ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ «አትበቃኝም» የሚላት።

ፓተንቱስ? ብዙውን ጊዜ ባለ ውሉ ተቋም ፓተንቱን ይይዛል፣ መንግሥት በነፃ የመጠቀም መብት ያገኛል። እንደ አቶሚክ ባለው ጉዳይ ላይ ግን መንግሥት ሁሉንም ለራሱ አደረገ።

ከውሉ የወጣውን ለማየት ሁለት ምሳሌ ይበቃል። መስከረም 1940 የእንግሊዝ ልዑካን ማግኔትሮን የምትባል፣ በእጅ የምትያዝ የመዳብ መሣሪያ ይዘው አሜሪካ ደረሱ። ወደ 10 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ያለው የሬዲዮ ሞገድ በታላቅ ኃይል ታመነጫለች፤ ይህም በአውሮፕላን አፍንጫ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ራዳር ለመሥራት ያስችላል። በዚያው መኸር ኤምአይቲ ውስጥ «የጨረር ቤተ ሙከራ» የሚል አሳሳች ስም የተሰጠው ማዕከል ተከፈተ። ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል ወደ 4,000 የሚጠጋ ሰው ይሠራበት ነበር።

ሁለተኛው ዒላማው አጠገብ ሲደርስ በራሱ የሚፈነዳ የመድፍ ጥይት ነው። ጥይቱ ውስጥ ትንሽ ሬዲዮ አለ። ሬዲዮው ከመድፉ አፍ ሲወረወር ከስበት ኃይል ወደ 20,000 እጥፍ የሚጠጋ ግፊት መቋቋም አለበት፤ የያኔ ሬዲዮ ደግሞ በመስታወት አምፖል ነበር የሚሠራው። ሥራውን የመራው በካርኒጊ ተቋም የምድር ማግኔት ክፍል ይሠራ የነበረው ፊዚሲስት መርል ቱቭ ነው። ጥይቱ በጥር 1943 ፓሲፊክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተተኮሰ። ሳይፈነዳ የወደቀ ጥይት በጠላት እጅ እንዳይገባ ተብሎ ግን ምድር ላይ ከሚዋጋ ሠራዊት ጋር እንዲውል የተፈቀደው በ1944 መጨረሻ ነው። ቡሽ ከጄኔራሎቹ ጋር ይህን ሲነጋገር መሐንዲስ መሆኑ ረድቶታል፤ ጠላት ጥይቱን ቢያገኘው እንኳ አስመስሎ ለማምረት ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት መገመት ይችላልና።

ቢሮው የጀመረውን ሁሉ በእጁ ይዞ አልቆየም። የአቶም ቦምቡ ሥራ መጀመሪያ በቡሽ እጅ ነበር፤ በጥቅምት 1941 ከሩዝቬልት ጋር የተነጋገረበት እሱ ነው። ነገሩ ከጥናት አልፎ ከተማ የሚያህል ፋብሪካ መገንባት ሲሆን ግን በ1942 ለጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች እንዲተላለፍ አደረገ። ፔኒሲሊንን በብዛት ማምረትም በሕክምናው ኮሚቴ በኩል ከተደገፉት ሥራዎች አንዱ ነው፤ ሌሎች ብዙ እጆች አሉበት።

ቁናው በማን እጅ ነው?

ጦርነቱ እስኪያበቃ ቢሮው ወደ ግማሽ ቢሊዮን ዶላር አወጣ፤ ለያኔው ዶላር ከባድ ገንዘብ ነው። ከዩኒቨርሲቲዎች ትልቁን ድርሻ፣ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ ያገኘው ኤምአይቲ ነበር። ኮሚቴው ውስጥ የተቀመጠው ኮምፕተን የኤምአይቲ ፕሬዚዳንት ነው። ቡሽም ከኤምአይቲ የመጣ ነው። ሃርቫርድም ከትልልቆቹ ተቀባዮች አንዱ ነበር፤ የሃርቫርዱ ፕሬዚዳንት ኮሚቴው ውስጥ ነው። ሰፋሪውም ተቀባዩም አንድ ሲሆን ጎረቤት ቁናውን መጠራጠሩ አይቀርም።

የቡሽ መከላከያ ቀላል ነበር፦ ጦርነት ነው፣ ጊዜ የለም፣ ሰውም መሣሪያም ያለው እዚያ ነው፤ ስለዚህ እዚያ እንሰጣለን። ለጦርነት ጊዜ ይህ አሳማኝ ይመስለኛል። በሰላም ጊዜ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያለው የበለጠ ይኖረዋል፣ የሌለው ተራ አይደርሰውም። ይህን ጥያቄ በኃይል ያነሣው የዌስት ቨርጂኒያው ሴናተር ሃርሊ ኪልጎር ነው። የምርምር ገንዘብ በየክፍለ ሀገሩ ይዳረስ፣ በሕዝብ ገንዘብ የተገኘ ፓተንት የሕዝብ ይሁን፣ ኃላፊውን ፕሬዚዳንቱ ይሹመው አለ።

የቡሽ መልስ «ሳይንስ፣ ማለቂያ የሌለው ድንበር» የሚል ርዕስ የተሰጠው ሪፖርት ነው። ወጉ እንዲህ ነው፦ ሩዝቬልት በኅዳር 1944 ለቡሽ ደብዳቤ ጽፎ ስለ ሰላም ጊዜ ምርምር አራት ጥያቄ ጠየቀው። ደብዳቤውን በማርቀቅ ግን የቡሽ ሰዎች እጅ ነበረበት፤ ጥያቄውንም መልሱንም አንድ ወገን አዘጋጀው ማለት ይቻላል። የቢሮ ኑሮ የለመደ አንባቢ ይህ አያስደንቀውም። ሪፖርቱ በሐምሌ 1945 ሲወጣ ሩዝቬልት ሞቷል፤ የተቀበለው ተተኪው ፕሬዚዳንት ትሩማን ነው።

ሪፖርቱ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። መንግሥት ለመሠረታዊ ምርምር፣ ማለትም ጥቅሙ ገና ለማይታወቅ ጥናት፣ ገንዘብ ይስጥ፤ ምርጫውን ግን ለሳይንቲስቶቹ ይተው። ይህን የሚያደርግ አንድ ብሔራዊ ፋውንዴሽን ይቋቋም። የመጀመሪያው ዓመት ወጪው 33.5 ሚሊዮን ዶላር ይሁን፤ በአምስተኛው ዓመት 122.5 ሚሊዮን ይድረስ። ዳይሬክተሩን ደግሞ የሚመርጠው ከመንግሥት ውጪ ያሉ ሰዎች የሚቀመጡበት ቦርድ ይሁን።

ጭቅጭቁ የመጨረሻዋ ነጥብ ላይ ወደቀ። ኮንግረስ ለቡሽ ሐሳብ የቀረበ ሕግ በ1947 አወጣ፤ ትሩማን ውድቅ አደረገው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የሕዝብ ገንዘብ የሚያድል ሰው ሕዝቡ ለመረጠው ባለሥልጣን መልስ መስጠት አለበት። በዚህ ነጥብ ላይ እኔ ከትሩማን ጋር ነኝ። ጎማዋ ትምራ ማለት ደግ ነው፤ ሞተሩን የሚያጠፋውና የሚያበራው ሰው ግን በሕግ መታወቅ አለበት። ቡሽ በጦርነቱ ጊዜ ከፕሬዚዳንቱ በስተቀር ማንም ያላስቸገረው ሰው ስለነበር፣ ያ የልዩ ጊዜ ምቾት ቋሚ ሥርዓት ሊሆን እንደማይችል ያየው ዘግይቶ ይመስለኛል።

ግንቦት 10 ቀን 1950 ትሩማን በባቡር እየተዘዋወረ ሳለ አይዳሆ ውስጥ ፖካቴሎ በምትባል ከተማ የናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽንን ማቋቋሚያ ሕግ ፈረመ። ዳይሬክተሩን ፕሬዚዳንቱ ይሾማል፣ 24 አባላት ያሉት ቦርድ ደግሞ አብሮት ይመራል። የመጀመሪያው በጀት 225,000 ዶላር ብቻ ነበር። ቡሽ ከጠየቀው 33.5 ሚሊዮን ጋር አስተያዩት።

አምስቱ የጭቅጭቅ ዓመታት ግን ባዶ አልነበሩም። ባሕር ኃይሉ በ1946 የራሱን የምርምር ቢሮ ከፍቶ ለዩኒቨርሲቲዎች ገንዘብ መስጠት ጀመረ። የአቶሚክ ኢነርጂ ኮሚሽን መጣ። የጦርነቱን የሕክምና ምርምር ውሎች ብሔራዊ የጤና ተቋሙ ወረሰ። ቡሽ ሁሉን የያዘ አንድ ቤት ሲያስብ ሀገሪቱ ብዙ በሮች አገኘች። አንዱ በር የዘጋበት ተመራማሪ ሌላውን ያንኳኳል፤ እኔ ይህን ከታሰበው የተሻለ ስህተት ነው የምለው። የፋውንዴሽኑ የመጀመሪያ ዳይሬክተር አለን ዋተርማንም ከባሕር ኃይሉ ቢሮ የመጣ ነበር፤ እዚያ የሠራበትን ልማድ ይዞ።

እጅ ሲርቅ

ከቤተ ሙከራ ወደ ወንበር መሄድ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ፤ ቡሽም ከፍሏል። በ1945 መጨረሻ ለሴናት ኮሚቴ ሲናገር፣ ከአህጉር አህጉር ተወንጭፎ ዒላማውን በትክክል የሚመታ ሮኬት ለረዥም ዘመን አይታሰብም አለ። በ1957 ሶቪየቶች እንዲህ ያለውን ሮኬት ሞከሩ፤ በዚያው ዓመት በዚያው ሮኬት ስፑትኒክ የተባለችውን ሳተላይት አመጠቁ።

ሁለተኛው ከዚህ ይበልጥ ያሳዝናል። አሜሪካ ለመድፍ ተኩስ የሚያስፈልጋትን የስሌት ሰንጠረዥ ከሚያዘጋጁት ቦታዎች አንዱ የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ የሚሠራበትም የቡሽን ዲፈረንሻል አናላይዘር አምሳያ ይዞ ነው። ማሽኑ አልደርስ አለ። እዚያው ያሉ ወጣት መሐንዲሶች በጦር ሠራዊቱ ገንዘብ በየካቲት 1946 ለሕዝብ የታየውን ኢኒያክ የተባለ ኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተር ሠሩ። ገንዘቡ የመጣው ከቡሽ ቢሮ አልነበረም፤ የቢሮው የዘርፉ አዋቂዎች ሐሳቡን በጥርጣሬ ነበር ያዩት። የምጣዱና የጎማዋ ዘመን አበቃ። ቡሽ በ1945 ስለ መጪው ዘመን የእውቀት ማከማቻ ሲያስብም በጽሑፉ ያሳየው ማይክሮፊልም የታጨቀበት ጠረጴዛ ነበር። ሐሳቡ፣ አንዱን ጽሑፍ ከሌላው ጋር በመሥመር ማያያዝ፣ ከጊዜው ቀድሞ ነበር። ዕቃው ግን እጁ የሚያውቀው የድሮው ዕቃ ነው።

ጥሩ የምርምር አስተዳዳሪ ስለ ሁሉም ነገር ልክ መሆን አይጠበቅበትም። በቡሽ አሠራር ውስጥ የእሱ ስህተት ሌላውን እንዳይሠራ ያላገደው፣ ሌላ በር ስለነበረ ነው። ያ በር ደግሞ እሱ የከፈተው አልነበረም።

ቡሽ በ1974 ሞተ፤ ሰኔ 28 ቀን፣ ቢሮው የተቋቋመበት ዕለት 33ኛ ዓመት ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ ፋውንዴሽኑን ሊመራ የተሾመው ኤሪክ ብሎክ ደግሞ ሌላ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነው። ጀርመን ተወልዶ፣ በልጅነቱ ወደ ስዊዘርላንድ ተሰድዶ፣ አሜሪካ በቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ ከ1952 ጀምሮ አይቢኤም ውስጥ ኮምፒውተር ሲሠራ የኖረ ሰው። ዶክትሬት አልነበረውም። በፕሮፌሰሮች ቤት ይህ ማስገረሙ አልቀረም፤ ከኢንዱስትሪ የመጣ ሰው መሠረታዊ ምርምርን ያዳክማል ብለው የሰጉም ነበሩ። በእሱ ዘመን ዩኒቨርሲቲና ኢንዱስትሪ በጋራ የሚሠሩባቸው የምህንድስና ምርምር ማዕከላት ተከፈቱ፤ ታላላቅ ኮምፒውተሮችን ከየዩኒቨርሲቲው ጋር የሚያያይዝ ኤንኤስኤፍኔት የተባለ መሥመርም ተዘረጋ። መሥመሩ በ1988 ሲሰፋ ፋውንዴሽኑ ራሱ ገመድ አልጎተተም፤ በሚሺገን ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ከሚመራ ቡድን ጋር ስምምነት ፈርሞ አሠራው። በ1995 መንግሥት መሥመሩን ዘጋው። ኢንተርኔቱ በዚያ ጊዜ ወደ ግል ኩባንያዎች መሥመር ተሸጋግሮ ነበር።